ስድስት ጎማ በጉማሬው ድንጋይ ላይ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ አብዱልሃኪም፣
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? እናቴም እኔም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አላህ በሰው አገር ሳሉ ከክፉ ነገር ይሰውርዎ፤ ድምፅዎን ከደጃችን ለመስማት ያብቃን።

ኢንተርኔት ከጠፋ አራተኛ ወሩን ይዟል። ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት አነሣሁ። ይህን የምታደርስልዎ ጎረቤታችን ሀጂራ ናት፤ ልብስ ልታመጣ ወደ እናንተ የምትመላለሰዋ፣ ያውቋታል። መልስዎንም በእሷው ይላኩልኝ።

አጎቴ፣ እስከ ዛሬ ከእርስዎ የጠየቅሁት ነገር የለም። አባቴ በሞተ ጊዜ “ምን ልላክልሽ?” ሲሉኝ “ዱዓ” ነው ያልሁዎት። አሁን ግን እቃ ልጠይቅ ነው። አንድ የመኪና ሪሞት ከነመቀበያው፣ ሁለት የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ መሪ የምታዞር አንዲት ትንሽ ሞተር። ዓይነታቸውን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ።

የጭነት መኪና እየሠራሁ ነው። ባለ ስድስት ጎማ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር፤ በሪሞት የሚነዳ፣ አስፋልት የማይፈልግ፣ ድንጋይ የሚወጣ። ገዝቼ የምገጣጥመው አይደለም። ሁሉን ከሚሸከመው ሻንሲ እስከ ጎማው የምቆርጠውም የምበይደውም እኔው ነኝ። ሪሞቱን ብቻ እዚህ መሥራት አልቻልሁም።

“ለምን?” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መልሱ ረጅም ስለሆነ ለጊዜው “ስለምትችል ነው” ይበሉት።

አላህ ከእርስዎ ጋር ይሁን።

የወንድምዎ የአደም ልጅ፣
ሐፍሳ


ጅዳ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሐፍሳ አደም፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ አንቺንም እናትሽንም በጤና ያቆይልኝ፤ ቤታችሁን በረከት አያሳጣው። ስለ እኔ አታስቡ። ወደቡ ላይ ነኝ፣ እንደ ወትሮው ሠላሳ ቶን የሚያነሣ ማሽን እየፈታሁ እገጥማለሁ።

ደብዳቤሽን ስከፍት የአባትሽ እጅ ጽሑፍ መስሎኝ ደነገጥሁ። እንደሱ ትጽፊያለሽ፤ ፊደሉን ወደ ግራ አዘንብለሽ። ከዚያ የእቃውን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አጥፌም ኪሴ ከተትሁት።

ሐፍሳ፣ ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው። በአንቺ ዕድሜ አያትሽ ሦስት ልጅ ወልዳ ነበር። ሞተር መፍታትሽን ተቃውሜ አላውቅም። ሰው ሁሉ አደምን “ሴት ልጅ ጋራዥ ትልካለህ?” ሲለው ከጎኑ የቆምሁ እኔ ነበርሁ። ያ ግን ሥራ ነው። ይህ የልጅ መጫወቻ ነው።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እዚህ አንድ ሰው አለ። የወሎ ልጅ ነው፣ መስጊድ የማይለይ፣ የራሱ የጫማ ሱቅ ያለው። ስለ አንቺ ነገርሁት። ጥቁር ዘይት በጥፍርሽ ውስጥ እንዳለ ሳይቀር አልደበቅሁትም። ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ፎቶሽን ላኪልኝ፤ የፊት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቁመትሽ የሚታይበት ይሁን።

ጋራዡስ እንዴት ነው? አለቃሽ ገድሉ አሁን ሞተር ያስነካሻል ወይስ አሁንም ጎማ ስትፈቺ ነው የምትውዪው? በሀጂራ እጅ ተምርና አንድ ጥቁር አባያ ልኬልሻለሁ።

አጎትሽ አብዱልሃኪም


ባሕር ዳር፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እናቴ “ተምሩን በላሁት፣ አላህ ይስጥልኝ በይልኝ” ትላለች። አባያው ያምራል። ይረዝማል፣ ግን አላሳጠርሁትም፤ እንደረዘመ እፈልገዋለሁ።

ፎቶ ብለው ነበር። ይኸው ልኬአለሁ፤ ሙሉ ቁመቱ የሚታይበት ነው። ግራው ላይ ያለችው ማንኪያ መጠኑን እንዲያዩበት ያስቀመጥኋት ናት።

አይቆጡ። ያ የጫማ ነጋዴ ጥሩ ሰው ይሆናል፤ ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ግን በፎቶ የምመረጥ አይደለሁም። ከዚህ መኪና በፊትም ሌላ ነገር አልጀምርም።

ሻንሲው ከተጣለ የአልጋ ብረት የተቆረጠ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ከተጋጨች የቤት መኪና በር ውስጥ ያወጣኋቸው የመስኮት ማውጫና ማውረጃ ሞተሮች ናቸው፤ ቀርፋፋ ናቸው፣ ጉልበታቸው ግን በጣትዎ ቢይዟቸው ጣትዎን ይዘው ይዞራሉ። አንዱ ሁለት ጎማ የሚያያይዘውን የፊቱን አክስል፣ ሌላው የመሃሉንና የኋላውን ያዞራል። ባትሪው ከተጣሉ ላፕቶፖች የተለቀመ ነው። የጎማዎቹን እንጨት አባቴ ለጀልባ ከተወው ዋንዛ አውጥቼ የጎማ ካላማዳሪ አልብሼአቸዋለሁ፤ ውስጣቸው ስፖንጅ አለ።

ለምን ስድስት? አራት ጎማ ያለው መኪና ድንጋይ ላይ ሲወጣ የፊቱ አልፎ የኋላው ሳይደርስ ሆዱ ይቀመጣል። ሆዱ ከተቀመጠ አለቀ፣ አራቱም ጎማ አየር ይቀዝፋል። የእኔ መሃል ላይ እግር አለው። የመሃሉና የኋላው አክስል በአንድ ብረት ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይረግጣል።

እርስዎ ሪሞቱን ስላልላኩልኝ አሥር ክንድ ሽቦ ቀጥዬ በሽቦ እነዳዋለሁ። እንደ ጥጃ እየተጎተትሁ ከኋላው ነኝ። ግን ይሄዳል፤ ዛሬ ጠዋት የደጃችንን ሦስት ደረጃ ወጣ።

ስለ ገድሉ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ከጋራዡ ከወጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሐፍሳ


ጅዳ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሐፍሳ፣

ሰላምታ ላሳጥር ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በጾም አንደበት መቆጣት አልፈልግም ነበር።

ሀጂራ ትናንት መጣች። ለኢድ ጫማ ልልክልሽ ብዬ “የሐፍሳ እግር ስንት ቁጥር ነው?” አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። “እርስዎ አያውቁም እንዴ?” አለችኝ። በሰው ሱቅ መሃል፣ ገበያተኛ እየተጋፋኝ፣ የወንድሜ ልጅ አንድ እግሯን ካጣች ዓመት ሊሞላት እንደሆነ የሰማሁት በዚያ ዓይነት ነው።

“ደኅና ነን” ብለሽ ጻፍሽልኝ። በሁለተኛው ደብዳቤሽም ሸሸግሽኝ። እናትሽም በስልክ “ደኅና ናት” አለችኝ። ሙሉ ቁመት ያለው ፎቶ ስጠይቅሽ ምን ተሰማሽ? እኔ እንደ ሞኝ ባል እፈልጋለሁ፤ አንቺ የብረት ፎቶ ትልኪልኛለሽ። ነገ ከአደም ጋር ስገናኝ ምን ብዬ ነው የምመልስለት?

ከእንግዲህ እኔ የምልሽን ታደርጊያለሽ። ብረቱን ተዪው። ድንጋይ ለድንጋይ መኪና እየተከተልሽ ሁለተኛውን እግርሽን እስክትሰብሪ አልጠብቅም። የልብስ ስፌት መኪና እልክልሻለሁ። ቤትሽ ሆነሽ ትሠሪያለሽ፣ ሰውም በክራንች ስትንከላወሺ አያይሽም። ይህ ምክር አይደለም።

አብዱልሃኪም


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። የእርስዎ ሰላምታ ቢያጥርም የእኔ አያጥርም። ኢድን እንዴት ዋሉ? ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ።

ከሰው አፍ መስማትዎ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቴንም ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ለዚህ ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ ሌላ ግን ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። አሁን ሁሉንም ልንገርዎ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት 9 ቀን ከመራዊ እህል የጫነ መኪና መጥቶ የኋላ አክስሉ ሊፈታ ጋራዥ ገባ። ገድሉ በክሪክ አነሣውና በማቆሚያ ብረት አስደገፈው። ብረቱን አየሁት። እግሩ ላይ፣ ብየዳው ያለበት ቦታ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

“ጋሽ ገድሉ፣ ይህ ብረት ተሰንጥቋል” አልሁት።

“መነጽር ሳያስፈልግሽ አይቀርም” አለ። የጋራዡ ልጆች ሳቁ።

“ሌላ ብረት ደርቡበት።”

“ከፈራሽ ሻይ አፍዪ።”

ያን ነው ያልቻልሁት። “ሻይ አፍዪ” ባይለኝ ኖሮ ከመኪናው ሥር አልገባም ነበር። ተናደድሁና ገባሁ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፣ አልክደውም። ሁለተኛውን ቡሎን ሳላላ ብረቱ ጮኸ። ራሴን አወጣሁ፤ ግራ እግሬ ግን ቀረ። ሐኪሞቹ ከጉልበቴ በታች ቆረጡት።

ገድሉ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ የተኛሁ መስሎት ለእናቴ ምን አላት? “ማቆሚያውን ራሷ ናት ያለ ቦታው ያቆመችው። ሴት ልጅ ጋራዥ ምን አገባት ብዬ ነበር።” የዚያን ቀን ጋራዡ ውስጥ አራት ሠራተኞች ነበሩ። አራቱም ሰምተዋል፣ አራቱም ዝም አሉ። ዛሬ ከተማው የሚያውቀው የገድሉን ታሪክ ነው፤ ሐፍሳ ሥራ ሳትችል ገብታ ራሷን አስቆረጠች። ከዳንሁ በኋላ ሦስት ጋራዥ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ። አንዱም “እግር የለሽም” አላለኝም። “ሰምተናል” ነው ያሉኝ።

እግሬ ሄዷል፤ አልቅሼለታለሁ፤ አልቋል። ስሜን ግን ማንም አይቆርጠውም።

መኪናውን የምሠራው ለዚህ ነው። እሑድ እሑድ ጋራዥ ሲዘጋ የፋሲሎ ሰፈር መካኒኮች ሐይቁ ዳር ይሰበሰባሉ። ከዱባይ የተላከላቸውን የሪሞት መኪና ድንጋይ ላይ ያስወጣሉ፤ ሰው ከቦ ያያል። ጉማሬው የሚሉት ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ከውኃው ወጥቶ እንደ ጉማሬ ጀርባ ያበጠ። እስከ ጫፉ የወጣ መኪና የለም። ቀረብ ያለው የገድሉ ነው። እኔ እወጣዋለሁ፤ ሁሉም ባለበት፣ በጠራራ ፀሐይ። ሥራ እንደምችል በአፌ አልከራከርም።

ሌላም አለ። ሀጂራ ለእርስዎ የእኔን እንደነገረች ለእኔም የእርስዎን ነግራኛለች። ወደቡ ካሰናበተዎ ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ መጋዘን እየጠበቁ እዚያው ጥግ ላይ እንደሚያድሩ። እርስዎ ሠላሳ ቶን አነሣለሁ ብለው ሲጽፉልኝ እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ስጽፍልዎ ኖርን። እንግዲህ ተካክለናል።

የልብስ ስፌት መኪናውን አይላኩ። ከላኩ ሞተሩን አወጣዋለሁ።

ልጅዎ ሐፍሳ


ጅዳ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐፍሳ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ የተነሣብሽን እሱ ይያዝልሽ።

ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሁሽም። ተናድጄ አልነበረም፣ አፍሬ ነው።

ሀጂራ የነገረችሽ እውነት ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ወጣት አለቃ መጣና “አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ ዘግይቷል” አለኝ። አልዘገየም ነበር። የዚያኑ ቀን ጠዋት እንኳ እሱ ያመጣቸው ልጆች ያልገባቸውን የዘይት ፓምፕ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ይህን ልለው አፌ ላይ ነበር። “እሺ” ብዬ የሃያ ዓመት መሣሪያዬን ቆጥሬ አስረክቤ ወጣሁ። ለእናንተ መንገር ያቃተኝ ሥራ ማጣቴ አይደለም፤ “እሺ” ማለቴ ነው። አንቺ “ሻይ አፍዪ” ስትባዪ ከመኪና ሥር ገባሽ። ልክ አልሠራሽም። እኔ የሠራሁት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ከአረፋ ማግሥት ያን ዝርዝርሽን ከኪሴ አወጣሁ። የሪሞት መኪና የሚሸጥበት ሱቅ ፈልጌ ገባሁ።

“ለልጅ ልጅህ ነው?” አለኝ ሻጩ።

“ለመካኒክ ነው” አልሁት።

መሪ የምታዞረዋን ሞተር አመጣልኝ። ክዳኗን እዚያው ፈታሁት። ውስጧ የፕላስቲክ ጥርስ ነው። “ይህ ድንጋይ ላይ አይውልም፣ የብረት ጥርስ ያለውን አምጣ” አልሁት። “ሽማግሌው፣ እቃዬን አበላሸህብኝ” እያለ ጮኸ። መልሼ ገጠምሁለትና እስኪያመጣ ቆምሁ። አመጣ። ሪሞቱንም መቆጣጠሪያዎቹንም እያንዳንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስሞክሬ ነው የወሰድሁት። ከወደቡ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ምክር። ፎቶሽን በማጉያ መነጽር አየሁት። ባትሪውን ከኋላ ነው የጫንሽው፤ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ ይጥልሻል። ወደ ፊትና ወደ ታች አምጪው። ጎማው አይጠጥር፤ ልፍስፍስ ይበልና ድንጋዩን እንደ እጅ ይጨብጠው። የመሃሉንና የኋላውን አክስል የሚያገናኘው ዘንግ ደግሞ ቀጭን ነው። ወፍራም አድርጊው። ይህንንም እምቢ እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

አጎትሽ አብዱልሃኪም


ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እጅዎ ይባረክ፤ ለእኔ የቆሙትን ያህል አላህ ለእርስዎ ይቁምልዎ።

እቃው የደረሰኝ ሐምሌ መጨረሻ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ሲከፈትም ፍተሻ ላይ ሪሞቱን አይተው ሀጂራን ግማሽ ቀን አቆሟት። “ይህ ምን ያፈነዳል?” ሲሏት “የአንዲት እብድ ጎረቤቴ መጫወቻ ነው” ብላ በአላህ ስም ማለች። እኔ ላይ የማለችውን ይቅር ብያታለሁ።

ጎማውን እንዳሉት አለሰለስሁት። ባትሪውን ወደ ፊት አመጣሁት፣ ግን እርስዎ ያሉትን ያህል አይደለም። ዘንጉን አልቀየርሁም። “ክብደት ይጨምራል፣ ይበቃል” አልሁ። እንዳሉኝ እምቢ አልሁዎት።

ያለፈው እሑድ ዝናቡ ከቀትር በፊት አባራ። መኪናውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አባያውን ለብሼ፣ በባጃጅ ሄድሁ። እናቴ “ሰው ይስቅብሻል፣ አልመጣም” ብላ ነበር። ባጃጁ ሊነሣ ሲል ክራንቼን ይዛ ገባች።

ሐይቁ ዳር ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ። ገድሉ ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበሩን ገፋልኝ።

“እንኳን ወጣሽ፣ ሐፍሳ። ነይ፣ ቁጭ ብለሽ እዪ።”

“ለማየት አልመጣሁም፣ ልነዳ ነው።”

መኪናውን አገላብጦ ሊያይ እጁን ሰደደ፤ ወደ እኔ ሳብሁት። “ማን ሠራልሽ?” አለ።

“እኔ።”

ከኋላ አንዱ “ስድስት ጎማ? አውቶቡስ ነው እንዴ?” አለና ተሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ በእርግጥ ይመስላል።

የገድሉ ቢጫ መኪና ቀድማ ወጣች። ጥሩ ይነዳል፣ አልዋሽም። የድንጋዩን ሁለት እጅ ወጥታ ከጀርባው ላይ ካለችው ሹል ስትደርስ ሆዷ ተቀመጠ። አራቱም ጎማ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ተንሸራትታ ውኃው ጠርዝ ላይ ወደቀች። ሌሎች ሁለት ሞክረው ከግማሽ አላለፉም።

የእኔን አስቀመጥሁ። በጣም በዝግታ ነው የሚሄደው። ሰው “ባትሪው አልቋል” ማለት ጀመረ። ሹሏ ላይ ሲደርስ የፊቱ አለፈ፤ ሆዱ ሊቀመጥ ሲል የመሃሉ ጎማ ሹሏን ረገጠና አነሣው። ሳቁ ቆመ። ከጫፉ አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዘንጉ ነው። እርስዎ ያሉት ዘንግ። ስባሪው ድንጋዩ ላይ ተወትፎ መኪናውን እዚያው ቸነከረው።

“በቃ፣ ጥሩ ሞክረሻል። ላንሣልሽ” አለ ገድሉ።

“አትንካው።”

የእነሱ ደንብ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ መኪናውን ከቦታው ሳያንቀሳቅስ መጠገን ከቻለ መቀጠል ይችላል። እስካሁን ማንም አድርጎት አያውቅም፣ ድንጋዩ ያዳልጣላ። ክራንቼን ለእናቴ ሰጠሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁና በእጆቼና በቀኝ እግሬ እየገፋሁ ወደ ኋላ ሽቅብ ወጣሁ። አባያው ተቀደደ። አንድ ሰው ሊረዳኝ ቢመጣ እናቴ “ተዋት” ስትል ሰማሁ። እናቴ ናት እንዲህ ያለችው፣ አጎቴ።

በካቻቢቴ ስባሪውን ፈትቼ ጣልሁት። ባትሪውን አሁን በትክክል እርስዎ ካሉት ቦታ በሽቦ አሰርሁት። አራቱ ጎማ ይጎትታል፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ይከተላሉ። ሪሞቱን ያዝሁ። አንድ ጊዜ ተንሸራተተ፣ ያዘ፣ ከዚያ ወጣ። ጫፉ ላይ አቆምሁት።

ማንም አላጨበጨበም። ገድሉ “ዕድል ነው” አለ።

እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከሁሉም በላይ ነኝ። “ገድሉ” አልሁት። ጋሽ የምትለዋን ተውኋት። “የዚያን ቀን ብረቱ ተሰንጥቋል ብዬህ ነበር።”

“ዛሬ ደግሞ እሱን አመጣሽ? ምንም አላልሽኝም።”

“ብላለች።”

ኪሩቤል ነው። የጋራዡ በያጅ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው። ከሰው መሃል ወጥቶ ቆሟል።

“አንተ ዝም በል” አለው ገድሉ።

“አንድ ዓመት ዝም አልሁ። ብላለች። ሌላ ብረት ደርቡበት ብላለች። አንተ ሻይ አፍዪ አልሃት። በማግሥቱ ብረቱን ቆራርጠህ ጣለው ያልኸኝም አንተ ነህ። ቆራርጬ ጣልሁት፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።”

ሌላ የጋራዡ ልጅ “እኔም ሰምቻለሁ” አለ፣ ወደ መሬት እያየ። ገድሉ ሁለቱንም አያቸው፣ ቢጫ መኪናውን ከውኃው አነሣና ሄደ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ከእሱ አልጠበቅሁም፤ የፈለግሁት ሰው ሲናገር መስማት ነበር። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ አለቀስሁ። ይህን ለሀጂራ አይንገሩብኝ።

ኪሩቤል ድንጋዩ ሥር መጥቶ “ልያዝሽ?” አለኝ። “ክራንቼን አቀብለኝ” አልሁት። አንድ ዓመት ዝም ላለኝ ሰው የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልነበረኝም። ትናንት ጠዋት ግን ከጋራዡ መልቀቁን ሊነግረኝ መጣ። ስለ ዝምታው ብዙ አወራን፤ ሁሉንም ይቅር አላልሁትም። መበየጃውን ይዞ ነገ እንዲመጣ ግን ነገርሁት።

አባቴ ጀልባ ይሠራበት የነበረውን መጠለያ ጠርገን ጋራዥ አድርገን ከፍተነዋልና። ዛሬ ሁለት ሰው መጣ፤ አንዱ ሞተሩ የሞተበት ባለጀልባ፣ አንዱ ከአንበሳሜ ድረስ የውኃ ፓምፕ ጭኖ የመጣ ገበሬ። “ድንጋዩ ላይ የወጣችው አንቺ ነሽ?” አለኝ ገበሬው። ነኝ አልሁት።

አጎቴ፣ ዘንጉ ቀጭን ነው ያሉት ልክ ነበር። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በፎቶ አይተው ነው ያወቁት። እንዲህ የሚያውቅ ሰው የሰው መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ አይቀርም። ይምጡ። ልጦርዎ አይደለም የምጠራዎ፣ ቤታችን ለጡረተኛ ቦታ የለውም። የምጠራዎ ለሥራ ነው።

ልጅዎ ሐፍሳ አደም


ጅዳ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐፍሳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ የሰላም ይሁንላችሁ።

ደብዳቤሽን በቁሜ ነው ያነበብሁት። ድንጋዩን የወጣሽበትን ገጽ ሁለት ጊዜ፣ እናትሽ “ተዋት” ያለችበትን ግን ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ስለ ዘንጉ አልኩራራም፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ የአባቴን ምክር እምቢ ብዬ ሁለት ዘንግ ሰብሬአለሁ።

ዛሬ የመጋዘኑን ቁልፍ ለአለቃዬ ወስጄ ሰጠሁት።

“ፈቃድ ነው የምትፈልገው?” አለኝ።

“መሄዴ ነው፣ አገሬ።”

“በዚህ ዕድሜህ እዚያ ምን ትሠራለህ? አርጅተሃል።”

በዚህ ጊዜ “እሺ” አላልሁም። “መካኒክ ነኝ፣ ሥራ ይጠብቀኛል” አልሁት። ያንገራግራል ብዬ ነበር። ቁልፉን ተቀብሎ መቀመጫ ሰጠኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀመጥ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። አልተቀመጥሁም።

የመውጫ ወረቀቴ በጥቅምት አጋማሽ ተሠርቶ ያልቃል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከአዲስ አበባ በመራዊ በኩል በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ዝግ ከሆነ እስኪከፈት እጠብቃለሁ እንጂ አልመለስም። ድግስ አታሰናዱ። ጎረቤት አትጥሩ። ለእናትሽ “በደጅ እንዳታለቅሺ” በያት፣ ካለቀሰች እኔም አልችልም።

የደረስሁ ዕለት እተኛለሁ። በማግሥቱ ጠዋት የሚፈታ ሞተር ይኑር።

አጎትሽ አብዱልሃኪም፣
መካኒክ